ሐራጁ እውነት ነበር፤ ባለቤቱስ?

ኪራዩን መክፈል ያቃተው ሰው የመጋዘኑ ቁልፍ ይሰበራል። ተጫራቾች ደጃፉ ላይ ቆመው ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውስጥ ያጮልቃሉ፤ መግባትም ሆነ ካርቶን መክፈት ክልክል ነው። አጫራቹ ምላሱን እንደ መትረየስ እያንጣጣ ዋጋ ይጠራል። ያሸነፈው ሰው ገብቶ አሮጌ ፍራሽ ሲያገላብጥ ከሥሩ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ብቅ ይላል። «ስቶሬጅ ዋርስ» የተባለው የአሜሪካ ሪያሊቲ ሾው እ.ኤ.አ. በ2010 በኤ ኤንድ ኢ ጣቢያ ከጀመረ ወዲህ ተመልካች የሰበሰበው በዚችው ዘዴ ነው።

ታዲያ እውነት ነው? ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ከፕሮግራሙ ታዋቂ ተጫራቾች አንዱ ዴቭ ሄስተር ጣቢያውን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሰሰ። አዘጋጆቹ ውድ ዕቃ አስቀድመው መጋዘን ውስጥ ይደብቃሉ፤ ከዚያ «ተገኘ» ይባላል አለ። በምሳሌነት ከጠቀሳቸው መካከል የኤልቪስ ፕሪስሊን ሞት የዘገቡ ጋዜጦች ይገኙበታል። ጣቢያው በበኩሉ ፕሮግራሙ በሕገ መንግሥቱ በተረጋገጠው የመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ እውነቱም በችሎት ሳይለይ ቀረ።

እኛን የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ክርክር መካከል «ዕቃው ተደብቆ ነው ወይስ በእርግጥ የተገኘ?» የሚለው ጥያቄ ሺህ ጊዜ ሲነሳ፣ «ፍራሹ የማን ነበር?» ያለ ሰው ብዙም አልሰማንም። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የመጋዘን ሐራጅ ደግሞ ጨዋታ የሚሆነው ባለቤቱ ከካሜራው ውጭ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ይህን የምንለው የአሜሪካን ፕሮግራም ለመንቀፍ አይደለም። እኛም አገር እንዲህ ያለ ሐራጅ ተካሂዶ ስለነበረ ነው። ያኛው ካሜራ አልነበረውም፤ ጋዜጠኛ ግን ነበረው።

ደላንታ፣ ሚያዝያ 1860

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ነው። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች አምባውን ዘርፈው ካቃጠሉ በኋላ ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ አወረዱት። ሚያዝያ 13 እና 14 ሐራጅ ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ብራና፣ መስቀል፣ ጽናጽል፣ ካባና ምንጣፍ በጨረታ ተሸጠ። ከሽያጩ የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ነው፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው አራት ዶላር ግድም ደረሰው። ይህን ሁሉ የምናውቀው በቦታው የነበረው የኒው ዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ አይቶ ስለጻፈው ነው። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1874 አሳትሞታል።

ከተጫራቾቹ አንዱ ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ብሪቲሽ ሙዚየም ገንዘብ አስይዞ ከጦሩ ጋር የላከው ሰው ነው፤ ኪሱ ሙሉ ስለነበር ተራው መኮንን ሊወዳደረው አልቻለም። ከመቅደላ የሄዱት ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ሙዚየሙ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ሁሉም ዕቃ ግን በሐራጁ አላለፈም። ሆምስ የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ዛሬ ሁለቱም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሙዚየሙ ራሱ እንደሚለው አክሊሉን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የተሰጠውም ለጎንደር ቁስቋም ነበር።

ሆምስ ለማንም ያላሳየው ዕቃም ነበረ። ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየውንና የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ሥዕል ለራሱ አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ ሁለት ነገር በስም ጠርተው ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን። ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን የት እንዳለ አልታወቀም፣ ወደ እንግሊዝ የመጣም አይመስለንም የሚል ነበር። ያን ጊዜ ሆምስ የት ነበር? የዚያችው ንግሥት የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር! ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደኑ ክሪስቲስ ሐራጅ ተሸጠ፤ በኋላም ፖርቱጋል ገባ።

እንግዲህ የአሜሪካው ፕሮግራም የተከሰሰው ያልነበረን ዕቃ «ተገኘ» አሰኝቷል ተብሎ ነው። ደላንታ ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ የነበረው ዕቃ «የለም» ተባለ። ሐራጁ ራሱ ግን እውነተኛ ነበር። አጫራች ነበረ፤ ዋጋ ተጠራ፤ ገንዘብ ተቆጠረ። የአንድ ሐራጅ እውነተኛነት ስለ ዕቃው ባለቤት ምንም እንደማይነግረን ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ባለቤቱ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቋርጠን ይችላል። «ቴዎድሮስስ ከየት አመጡት?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋያተ ቅድሳት የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉት አስበው። እኛ ጎጃሞች ይህን ለመሸፋፈን ምክንያት የለንም። መንቆረርን፣ የዛሬዋን ደብረ ማርቆስን፣ የቆረቆሩት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዐፄ ቴዎድሮስን ተቃውመው የኖሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን የንጉሡ ዘረፋ የናፒየርን ዘረፋ ሕጋዊ አያደርገውም። ባለቤቶቹ የጎንደር አድባራት ሁለት ጊዜ ተዘረፉ ማለት ነው እንጂ።

የጎጃም ሰው የመጋዘን ምስጢር አይጠፋውም፤ ዕቃ ቤት ያውቃልና። ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያምም ሆነ ሌላው ደብር ንዋየ ቅድሳቱን የሚያኖረው በዕቃ ቤት ነው። ማን ምን እንደሰጠ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጻፋል። የሰረቀውና የፋቀው ውጉዝ ይሁን የሚል ግዝትም ይከተላል። አባቶቻችን የአንድን ዕቃ እውነተኛነት የሚለዩት በዋጋው ሳይሆን በሰጪው ስም ነው። ለንደን ከገቡት ብራናዎች ብዙዎቹ የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ንብረት መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍ እንደያዙ ናቸው። ሐራጁ ያንን ጽሑፍ ሊሰርዘው አልቻለም።

ይህ የሞተ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ዶርሴት አንድ አጫራች የመቅደላ ዕቃዎችን፣ የብራና መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎችን ጨምሮ፣ ለሐራጅ አቀረበ። ኤምባሲያችን ተቃወመ፤ ዕቃው ከጨረታ ወጣ፤ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ በተመሳሳይ ተቃውሞ ከጨረታው ተነሳ። ከሁሉም ደስ የሚለን ግን የኤድንብራው ነው። በዚያች ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁም ሣጥን ተከፍቶ ከመቅደላ የሄደ ታቦት ተገኘ። ማንም ዋጋ አልጠራም። ቤተ ክርስቲያኑ የማን መሆኑን ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ለባለቤቱ መለሰ። እውነተኛ «ተገኘ» ማለት ይህ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ዕቃቸውን በስም ጠርተው መጠየቅ የቻሉት ስሙን ስለሚያውቁ ነው። እኛስ ዛሬ የየደብራችን ዕቃ ቤት ነገ ቢሰበር የጠፋውን በስም መጥራት እንችላለን? ቅርስ ይመዝገብ የሚለው አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ካሜራ በየኪሳችን አለ። ካህናቱን አስፈቅዶ፣ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ ኅዳጉን ከነግዝቱ፣ መስቀሉን ከነጽሑፉ ማስመዝገብ የኛ የወጣቶቹ ሥራ ነው። ዝርዝሩ በእጃችን ካለ ዶርሴትም ሆነ ኒውካስል «ሐራጅ!» ሲባል፣ ዋጋ ከመጠራቱ በፊት የባለቤቱን ስም የምንጠራው እኛ እንሆናለን።