የመኖሪያ ቤትን ለኢንቨስትመንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ ዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

የመኖሪያ ቤት ገዝቶ ማከራየት ወይም ዋጋው ሲጨምር መሸጥ በርካታ ዜጎች ቁጠባቸውን የሚያውሉበት የኢንቨስትመንት መስክ ነው። ለግዥው የሚውለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት በመሆኑ፣ ሰነድ ሳይጣራ የሚፈጸም ክፍያ የሚያስከትለው ጉዳት በቀላሉ አይካካስም። ስለሆነም ገዢው ወደ ዋጋ ድርድር ከመግባቱ አስቀድሞ ሻጩ በሕግ ሊያስተላልፍ የሚችለውን መብት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

1. በቤት ግዥ የሚተላለፈው መብት

በ1987 ዓ.ም. በወጣው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ሲሆን አይሸጥም፣ አይለወጥም። በግዥ የሚተላለፈው በመሬቱ ላይ የተገነባው ቤትና ከቤቱ ጋር የተያያዘው ሕጋዊ የመጠቀም መብት ነው። በከተማ ዳርቻ ከአርሶ አደር በመንደር ውል የሚገዛ ባዶ ቦታ ለገዢው ሕጋዊ ይዞታ አያስገኝም፤ በዚህ ቦታ ላይ የሚሠራ ቤትም የመፍረስ አደጋ ያለበት ነው።

በከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ በወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ገዢው ከዚህ አዋጅ ጋር በተያያዘ ሦስት ጉዳዮችን ሊያውቅ ይገባል፦

• በሊዝ በተያዘ ቦታ ላይ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለ የቀሪውን ክፍያ መጠንና የመክፈያ ጊዜ አስቀድሞ ማረጋገጥና በዋጋው ውስጥ ማስላት ያስፈልጋል።
• በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለመብት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። በመሆኑም ሻጩ የሊዝ ክፍያ የሌለበት መሆኑ ለገዢው ዋስትና አይሆንም።
• ግንባታው ያልተጀመረበት ወይም በግማሽ ያልተጠናቀቀበትን የሊዝ ቦታ ከውርስ ውጪ ማስተላለፍ አዋጁ ባስቀመጠው ሥርዓት፣ በሚመለከተው አካል ክትትል የሚከናወን እንጂ በሻጭና በገዢ ስምምነት ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

2. ከክፍያ በፊት መጣራት የሚገባቸው ሰነዶች

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፦ በካርታው ላይ የሰፈረው ስም፣ የቦታ ስፋትና የቤት ቁጥር ከሻጩ መታወቂያና ከቦታው ጋር መመሳሰሉ በመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት በሚገኘው ማኅደር መረጋገጥ አለበት። ኮፒ ሰነድ ብቻ ተመልክቶ መወሰን አይመከርም።
• ዕዳና ዕግድ፦ ቤቱ በባንክ መያዣነት የተመዘገበ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑ ሊጣራ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኮች ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በመያዣ የያዙትን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ።
• የትዳር ሁኔታ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ሻጩ ያላገባ፣ የፈታ ወይም የትዳር ጓደኛው በሞት የተለየ ከሆነም ይህንኑ የሚያስረዳ ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል።
• የውርስ ቤት፦ የሁሉም ወራሾች ስምና ድርሻ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊረጋገጥ፣ እያንዳንዱም ወራሽ በሽያጩ መስማማቱ ሊታይ ይገባል።
• የግንባታ ፈቃድ፦ ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ወይም ፎቅ ስም ሲዛወር ችግር ሊፈጥር ስለሚችል ቤቱ ከጸደቀው ፕላን ጋር መነጻጸር አለበት።
• የኮንዶሚኒየም ቤት፦ በመንግሥት ፕሮግራም የተላለፈ ቤት ከሆነ የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ማብቃቱ፣ የባንክ ዕዳው መጠንና ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ያልተከፈለ መዋጮ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። ገደቡ ሳያበቃ «በውክልና ይያዝ» በሚል የሚቀርብ ሐሳብ ገዢውን ባለቤት አያደርገውም።

3. ቀብድና የሽያጭ ውል

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ መስጠት ከባድ ግዴታ የሚያስከትል ተግባር በመሆኑ ሰነዶቹ ሳይጣሩ ሊፈጸም አይገባም።

በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሊደረግና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ሊመዘገብ ይገባል። በደላላና በምስክሮች ፊት ብቻ የተፈረመ ውል ይህን አያሟላም። ውል ከተመዘገበም በኋላ ካርታው በገዢው ስም እስኪዛወር ድረስ ግዥው እንደተጠናቀቀ ሊቆጠር አይገባም። ክፍያው በባንክ በኩል ሆኖ የመጨረሻው ክፍያ ከስም ዝውውሩ ጋር እንዲያያዝ በውሉ ማስፈር ለገዢው ጥበቃ ይሰጣል።

ገዢው ወይም ሻጩ በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ የሚሰጠው ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ጽሕፈት ቤት ተረጋግጦ አገር ውስጥ አስፈላጊው ማረጋገጫ ሊፈጸምለት ይገባል። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በውክልናው ላይ ተለይቶ መሰጠት አለበት። ውክልናው ያልተሻረና ወካዩ በሕይወት ያለ መሆኑም ሊጣራ ይገባል።

4. ግንባታው ያልተጠናቀቀ ቤት

ከሪል ስቴት አልሚ ቤት ከመግዛቱ በፊት ገዢው የአልሚውን ፈቃድ፣ የቦታውን ካርታና የግንባታ ፈቃድ መመልከት፣ ከዚህ ቀደም ያስረከባቸውን ቤቶችም በአካል ማየት ይኖርበታል። በውሉ ላይ የቤቱ ስፋት፣ የማጠናቀቂያ ሥራው ደረጃ፣ የርክክብ ቀን፣ ለመዘግየት የሚከፈል ቅጣት እና የግንባታ ዕቃ ዋጋ ቢጨምር ጭማሪውን የሚሸከመው ወገን በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ክፍያ በግንባታው ደረጃ ልክ መፈጸሙ ከሙሉ ቅድመ ክፍያ የተሻለ ነው።

5. የገቢና የወጪ ስሌት

የሚከተለው ስሌት ለማሳያ ብቻ የቀረበ ነው፦

• የቤቱ ዋጋ፦ 6,000,000 ብር
• ወርኃዊ ኪራይ፦ 30,000 ብር፤ ዓመታዊ 360,000 ብር
• ቤቱ ያለ ተከራይ የሚቆይበት አንድ ወር፦ 30,000 ብር
• ጥገናና ልዩ ልዩ ወጪ፦ 40,000 ብር
• ከግብር በፊት የሚቀረው፦ 290,000 ብር፣ ይኸውም ከቤቱ ዋጋ 4.8 በመቶ ገደማ

የስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጥና የደላላ ክፍያ በዚህ ስሌት ውስጥ አልተካተቱም። ገዢው የሚያገኘውን ውጤት በባንክ በጊዜ ገደብ ከሚቀመጥ ገንዘብ ጥቅም ጋር አነጻጽሮ መወሰን ይኖርበታል። ግዥው በብድር ከሆነ ወርኃዊው የባንክ ክፍያ ከኪራዩ የሚበልጥበት መጠን ከሌላ ገቢ መሸፈን ስላለበት፣ ቤቱ ለጥቂት ወራት ያለ ተከራይ ቢቆይ ክፍያውን ለመቀጠል የሚያስችል ተቀማጭ መኖሩ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

6. ቤቱን ማከራየት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። የኪራይ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በመሆኑ፣ ኪራዩ በየጊዜው በባለቤቱ ፍላጎት ያድጋል በሚል ግምት ላይ የተመሠረተ የብድር ዕቅድ አስተማማኝ አይደለም። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብር የሚከፈልበት ሲሆን፣ ለኪራይ ሲውል የቆየ ቤት ሲሸጥም ከዋጋ ዕድገቱ በተገኘው ጥቅም ላይ ግብር ሊከፈል ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ በአስቸኳይ ካልተከፈለ ቤቱ ለሌላ ይሸጣል የሚል ግፊት ሲገጥም ገዢው የማጣራት ሂደቱን ማቋረጥ የለበትም። ሻጩ ሰነዶቹን በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ለማስመርመር ፈቃደኛ ካልሆነ ግዥውን መተው ይመከራል። አጠራጣሪ ጉዳይ ሲኖር ከቀብድ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።