«የኩባንያ በዓል» ሳይሆን «የድርጅት ዝግ ቀን»

በሪፖርት ማዘጋጃ ሶፍትዌሮችና በመሥሪያ ቤት ሰንጠረዦች ላይ ሁለት ስያሜዎች እየተለመዱ መጥተዋል፤ «የቢዝነስ ቀን» እና «የኩባንያ በዓል»። የአንደኛው ዋና ቃል ጭራሽ አልተተረጎመም፤ ሁለተኛው ተተርጉሟል፣ ግን ተሳስቷል። ከሁለቱ የሚከፋው የተተረጎመው ነው። ያልተተረጎመ ቃል ያጋጠመው ሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በስህተት የተተረጎመ ቃል ያጋጠመው ግን የገባው ይመስለውና ሳይጠይቅ ያልፋል። «የኩባንያ በዓል» የሚለውን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ የሚታየው የአንድ ባንክ የብር ኢዮቤልዩ፣ ድንኳኑ፣ ኬኩና የሥራ አስኪያጁ ንግግር ነው። የሶፍትዌሩ ሠሪ ሊል የፈለገው ግን ድርጅቱ በራሱ ውሳኔ በሩን የሚዘጋበትንና ከቀነ ገደብ ስሌት የሚወጣውን ቀን ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ዓርብ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. የገባ ማመልከቻ ከማግስቱ ጀምሮ በሚቆጠር አምስት ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት እንበል፤ ድርጅቱም ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁለት ቀኖች ብቻ ከዘለለ ቀነ ገደቡ ዓርብ ጥር 1 ይሆናል። ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ገና መሆኑን ካወቀ ወደ ሰኞ ጥር 4 ይገፋዋል። በገና ማግስት ሐሙስ ድርጅቱ ለንብረት ቆጠራ መዘጋቱም ከተነገረው ማክሰኞ ጥር 5 ላይ ያርፋል። በኤክሴል ወርክዴይ እና ኔትወርክዴይስ የሚባሉት ቀመሮች ቅዳሜንና እሑድን በራሳቸው ያወጣሉ፤ ሌላውን ዝግ ቀን ግን ተጠቃሚው በሰንጠረዥ ካልሰጣቸው አያውቁትም። ማክሰኞ በሰዓቱ መልስ የሰጠ ሠራተኛ በሪፖርቱ ላይ «ዘግይቷል» ተብሎ የሚመዘገበው በዚህ ክፍተት ነው። ስለዚህ የሰንጠረዡ ስም ትንሽ ነገር አይደለም፤ መዝጋቢው ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚተው የሚወስነው ያ ስም ነው።

ከመጀመሪያው ስያሜ እንነሣ። «የቢዝነስ ቀን» ለሚለው የሚቀርቡት አማራጮች «የንግድ ቀን»፣ «የአዘቦት ቀን» እና «የሥራ ቀን» ናቸው። «የንግድ ቀን» ወዲያው ይወድቃል፤ በአገራችን ንግድ ቅዳሜም እሑድም አለ፣ በብዙ ከተሞች ትልቁ ገበያ የሚቆመውም ቅዳሜ ነው። ፍርድ ቤት ወይም ሆስፒታል ደግሞ የሥራ ቀን እንጂ የንግድ ቀን የለውም። «አዘቦት» ግን ሊታለፍ የማይገባው ቃል ነው። በዓል ያልሆነውን ተራ ቀን በአንድ ቃል የሚጠራ፣ «የአዘቦት ልብስ» በሚለው አነጋገር ዛሬም ሕያው የሆነ፣ የማንም ትርጉም ያልሆነ ቃል ነው። ችግሩ አዘቦትነትን የሚወስነው ልማድና የዘመን አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ ድርጅቱ ለቆጠራ የተዘጋበት ሐሙስ ከአዘቦትነቱ አይወጣም። «የሥራ ቀን» ይህ ድካም የለበትም፤ በዚያ ላይ ሕጉ አስቀድሞ ይዞታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠውን ፈቃድ 16 የሥራ ቀናት ይለዋል፤ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ ክፍያውን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያገኝም ያዛል። ሕግ የሠራበትና ሕዝብ የሚያውቀው ቃል እያለ «ቢዝነስ»ን መጥራት ለጎደለ ነገር ማሟያ ሊሆን አይችልም፤ የሚጎድል ነገር አልነበረምና።

ዋናው ሙግት ያለው በሁለተኛው ስያሜ ላይ ነው። «በዓል» ከግዕዙ «አብዐለ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ማክበርን ይዟል። ሃይማኖታዊም ሆነ ብሔራዊ በዓል የሚከበር ነገር አለው። በአማርኛ ደግሞ መከበርና መዘጋት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይጋገራል፣ ቢሮ ግን ክፍት ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ናት፤ በገጠር ሞፈርና ቀንበር የማይነሣባቸው ቀኖች ሲሆኑ በከተማ ባንኩም ቀበሌውም ይሠራል። ሕዝቡም ልዩነቱን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ «ካላንደር የሚዘጋ በዓል» ብሎ ለይቶ ይናገራል። በዚህ አነጋገር ውስጥ «በዓል» ክብሩን፣ «የሚዘጋ» ደግሞ የሥራውን መቆም ያመለክታል። ሁለት ነገር በሁለት ቃል ተቀምጧል። እንግሊዝኛው ሁለቱን «ሆሊዴይ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚጠራ፣ እኛ የለየነውን መልሰን እንድናደባልቅ የሚያስገድደን ምክንያት የለም።

ስለዚህ የምደግፈው «ዝግ ቀን» የሚለውን ነው፤ ሲዘረዘርም «የሕዝብ በዓል ዝግ ቀን» እና «የድርጅት ዝግ ቀን»። ሥሩ የግዕዙ «ዘግሐ»፣ የአማርኛው «ዘጋ» ነው። «ዛሬ ባንክ ዝግ ነው»፣ «በቆጠራ ምክንያት ዝግ ነን» ሲባል ማንም ማብራሪያ አይፈልግም። ተፎካካሪው «የዕረፍት ቀን» ጥሩ ቃል ቢሆንም የሚናገረው ስለ ሠራተኛው እንጂ ስለ ተቋሙ አይደለም። በቆጠራ ቀን ሠራተኛው አያርፍም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀን ይልቅ ይደክማል። «ዕረፍት» የዓመት ፈቃድንም ስለሚጠራ፣ አንድ ሰው ፈቃድ የወጣበትን ቀንና ድርጅቱ በሙሉ የተዘጋበትን ቀን በአንድ ዓምድ ያደባልቃል። ለስሌቱ ደግሞ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የአንድ ሰው ፈቃድ ቀነ ገደብን አያራዝምም።

ሦስት መቃወሚያዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ዝግ ማለት ቀስ ማለትም ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን «ዝግ ያለ አካሄድ»ን ከ«ዝግ ሱቅ» የማይለይ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ቃሉን የሚወስነው ዐውዱ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ በቆጠራ ቀን ሥራ ከተሠራ ያም «የሥራ ቀን» አይደለምን? መልሱ ትርጓሜውን በሰንጠረዡ ራስጌ ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ ነው፤ ለቀነ ገደብ ስሌት የሥራ ቀን ማለት ድርጅቱ ለተገልጋይ ክፍት የሆነበት ቀን ነው። «ዝግ» እዚህ ላይ በደንብ ይረዳል፤ በዝግ ችሎት ውስጥ ጉዳይ እንደሚታይ ሁሉ በዝግ ቀንም ውስጥ ለውስጥ ሥራ ሊኖር ይችላል፤ የተዘጋው ለውጭ ሰው ነው። ሦስተኛው መቃወሚያ «ሁሉም ለምዶታልና ይተው» የሚለው ነው። የተለመደው ግን በስክሪን ላይ እንጂ በአንደበት አይደለም፤ «ነገ የኩባንያ በዓል ነው» ብሎ ከሥራ የሚቀር ሠራተኛ የለም።

ስሙ ሲስተካከል ሰንጠረዡም ይስተካከላል። ራስጌው «በዓል» ካለ መዝጋቢው ቡሄን ያስገባል፣ ቆጠራውን ይተዋል፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። «ዝግ ቀን» ካለ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን በሩ ለተገልጋይ ክፍት ነው ወይስ አይደለም? ይህ ጥያቄ በጨረቃ መታየት ለሚወሰነው ዒድም፣ በባሕረ ሐሳብ ለሚወጣው ፋሲካም፣ መደበኛው ዝግ ቀን ዓርብና ቅዳሜ ከሆነበት ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ለሚሠራ ድርጅትም እኩል ያገለግላል። አማርኛን ከባዕድ ቃል መከላከል ማለት የውጭውን ሁሉ ማባረር አይደለም፤ «ኤክሴል» ይኑር፣ «ሶፍትዌር»ም ይኑር። ቋንቋው ራሱ የለየውን ልዩነት በትርጉም ስም ማጥፋት ግን ሊፈቀድ አይገባም፤ ልዩነቱ በጠፋ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ሰው አለና።