ገልብጦ ማየት

ጎበዝ፣ ባለፈው ደቅ ደሴት ዘልቀን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን በስልካችን ቀርጸን ተመለስን። ባሕር ዳር ስንደርስ ስልኩ ሞልቷል። በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኘነው፤ ስልኩ ላይ «ፋይል ማስተላለፊያ» የሚለውን እስክንመርጥ ድረስ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም የለም! ከዚያ ገለበጥንና ወዲያው ከስልኩ አጠፋን። አንዲት የደሴቷ እናት ያጫወቱን ቪዲዮ ግን ግማሽ ላይ ተቋርጦ ኖሯል፤ አልከፈት አለ።

የጥንት ጸሐፍት እንዲህ አይሞኙም። ብራና ሲገለብጡ ቅጂውን ከዋናው ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ ዋናውም አይጣልም። ማይክሮፊልም ሲመጣም ነገሩ ያው ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት፣ የደቅ ጎረቤት የሆነውን የዳጋ እስጢፋኖስን ጨምሮ፣ በማይክሮፊልም አነሡ፤ ፊልሙ ጀርመን ሲሄድ ብራናው እገዳሙ ቀረ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አኖረ።

እኛ በሰከንድ እንገለብጣለን፤ ማመሳከሩን ግን ረስተናል። እስቲ ዛሬ ገልብጡ፣ ከፍታችሁ እዩ፣ ሌላ ቦታም አስቀምጡ። ማጥፋቱ ይደርሳል። እኛማ የእኚያን እናት ወግ እንደገና ለመስማት ጀልባ መሳፈራችን ነው።