ብርሃን የሚያስገባ፣ ዓይን የማያስገባ መስተዋት

የዛሬው ንግግራችን ስለ መስተዋት ነው። ፊታችንን የምናይበትን ማለቴ አይደለም፤ በመስኮትና በበር ላይ የሚገጠመውን፣ ከዚያም ውስጥ ደብዛዛውን ነው። ብርሃን ያሳልፋል፣ ከወዲያ ያለውን ሰው ግን አያሳይም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ የራሴን ልንገራችሁ። የመታጠቢያ ክፍላችን መስኮት ተሰበረና ደብዛዛ መስተዋት ገዝቼ አስገጠምኩ። ሻካራው ገጽ ወደ ውስጥ ሆነ፤ ማን ይጠይቃል? ቀን ቀን ምንም አልነበረበትም። አንድ ማታ አምፖል በርቶ ባለቤቴ ስትታጠብ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከግቢ ተጣሩና «መምህር፣ ኧረ መስኮትህ ያሳያል!» አሉኝ። ወጥቼ ባይ እውነታቸውን ነው። ውሃ የተረጨበት ቦታ ሁሉ ጠርቷል። ያን ማታ በአንሶላ ሸፈንነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የደብዛዛ መስተዋት ገጽ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ጉድጓዶች የተሞላ ነው። ብርሃን በዚያ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደየአቅጣጫው ይበተናል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ይገባል፣ መልኩ ይጠፋል። ጉድጓዶቹን ውሃ ሲሞላቸው ግን ገጹ ልሙጥ እንደሆነ ያህል ይሆናል። ቅባትም ይህንኑ ያደርጋል፤ በበር መስተዋት ላይ የእጅ ዳና ጎልቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ከየት መጣ? በመጀመሪያ ጉድለት ነበር እኮ! ሮማውያን በአንደኛው መቶ ዓመት ለመታጠቢያ ቤቶቻቸው የመስኮት መስተዋት ያዘጋጁት የቀለጠውን በጠፍጣፋ ነገር ላይ በማፍሰስ ነበር። የላዩ ገጽ ያብረቀርቃል፣ የታቹ ይሻክራል። ብርሃን ይገባል፣ አጥርቶ ማየት ግን የለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የመስተዋት ሠሪው ምኞት ጥራት ብቻ ሆነ። በእንግሊዝ አገር መስኮት ራሱ ከ1696 እስከ 1851 ግብር ይከፈልበት ስለነበር ብዙ ሰው ግብሩን ሽሽት መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። በመስተዋቱ ላይ የነበረው ግብርም በ1845 ተነሣ። መስተዋት ሲረክስና የከተማ ቤቶች ሲቀራረቡ ሌላ ችግር መጣ፤ ጎረቤት ያያል። የለንደን መጠጥ ቤቶችም ጠጪው ከመንገድ እንዳይታይ መስኮታቸውን ያደበዝዙ ጀመር። በፊት ጉድለት የነበረው ነገር በገንዘብ የሚገዛ ሆነ ማለት ነው።

ማደብዘዣው መንገድ በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው አሲድ ነው። ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ካርል ሼለ በ1771 ሃይድሮፍሎሪክ አሲድን ሲመረምር ዕቃውን፣ ያውም መስተዋቱን፣ እንደሚበላ አየ። ሁለተኛው አሸዋ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቲልግማን አሸዋን በእንፋሎት ወይም በአየር ኃይል መርጨትን በ1870 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በአሲድ የተሠራው ደቃቅና ልሙጥ ነው፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት እንደ ሐር ይሆንላችኋል። በአሸዋ የተመታው ይሻክራል፣ ቅባትና እድፍ ይይዛል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ያህል ስናወራ ሠሪውን አንርሳ። የአሸዋው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል፤ ብሪታንያ በ1949 አሸዋን ለብረታ ብረት መርጫ እንዳይውል የከለከለችው ለዚህ ነው። አሲዱማ የባሰ ነው። በቆዳ ሰርጎ እስከ አጥንት ይደርሳል፤ ሕመሙም አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚሰማ። ስለዚህ መስተዋት በቤቴ ላደብዝዝ ብላችሁ እንዳትሞክሩ፤ የተሠራውን ግዙ።

ስትገዙም ውሃ የሚነካው የትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ደብዛዛው ገጽ በደረቁ ወገን ይሁን። በውስጥ ሻወር፣ በውጭ ዝናብ ካለ ደግሞ፣ በሁለት መስተዋቶች መካከል ነጭ የፕላስቲክ ንጣፍ ገብቶ የተጣበቀው ይሻላል፤ ሁለቱም ገጹ ልሙጥ ነው፣ ውሃም አያጠራውም። ለበር ከሆነ በእሳት የጠነከረውን ጠይቁ፤ ከጠነከረ በኋላ ግን መቁረጥ ስለማይቻል ልኩን ቀድማችሁ በደንብ ለኩ። አንድ ነገር ደግሞ፤ ማንኛውም ደብዛዛ መስተዋት ማታ መብራት ሲበራና ሰው ሲጠጋው ጥላውን ያሳያል። መጋረጃ የሚያስፈልግ ከሆነ መጋረጃ ነው።

እኛ በመጨረሻ ንጣፍ ያለውን አስገጠምን። ጎረቤታችን ግን ዛሬም በግቢው ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል፤ ለማረጋገጥ ነው ይላሉ።