ዋልያስና ሸክላዎቹ፤ የአንድ የሙዚቃ ጓድ አልበሞች ታሪክ

በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል በተናጋሪው ዕድሜ እንደሚለካ ሁሉ፥ በሸክላ ወይም በቴፕ ክር ያልተቀረጸ ዜማም በአዋቂው ጣት ላይ ኖሮ ከአዋቂው ጋር ይቀበራል። አባቶቻችን ይህን በመገንዘብ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ በምልክት ጽፈው በብራና አቈይተውልናል። ዓለማዊው ዘፈን ግን እንዲህ ያለ ብራና ሳያገኝ፥ ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ፥ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ኖረ። ሸክላና ካሴት ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ ዓለማዊው ሙዚቃም የራሱን ብራና አገኘ ለማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ዋልያስ የተባለው የሙዚቃ ጓድና አባላቱ በየጊዜው ያወጧቸውን አልበሞች በተራቸው እየተከተልን፥ አንድ የሙዚቃ ሥራ እንዴት እንደሚወለድ፥ እንዴት እንደሚበተንና በምን ምክንያት ተመልሶ እንደሚገኝ ለማስረዳት ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ስለ አንድ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ ለመናገር ከወሎ መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ግራና በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ ከመርሳ ጋር የምትጠቀስ ከተማ ናት፤ ስሟም ከቆቦ ጋር ተጣምሮ የቆቦ ግራና ሸለቆ በሚለው መጠሪያ ይታወቃል። ከሐብሩ በስተ ደቡብ የሚሌን ወንዝ የተሻገረ ሰው ወደ ደቡብ ወሎ ይገባል፤ በዚያም የአምባሰል አገር ይገኛል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ቢል ባቲን ያገኛል። እንግዲህ የአገራችን ሙዚቃ ከቆመባቸው ከአራቱ ቅኝቶች፥ ማለት ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ አገር ነው፤ ትዝታንም ብዙ ሰው ከወሎ ለይቶ አያየውም። በፒያኖ ላይ ከአንዱ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ በላይ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ዐሥራ ሁለት ድምፆች ሲኖሩ፥ ከቅኝቶቹ እያንዳንዱ የሚመርጠው አምስቱን ብቻ ነው። አንዱ ቅኝት ከሌላው የሚለየው አምስቱ ድምፆች እርስ በርሳቸው በሚራራቁበት መጠን ነው። በግራናና በመርሳ ሰርግ ላይ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ይህን ሒሳብ ሳይማረው ያውቀዋል፤ ጣቱ ከአባቱ ጣት ተቀብሎታልና።

ይህ የማሲንቆና የክራር ቅኝት ወደ ነሐስና ወደ ኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሻገረው በአንድ ቀን አይደለም። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በክብር ዘበኛ፥ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ውስጥ የሙዚቃ ክፍሎች እየተቋቋሙ ወጣቶችን ያሠለጥኑ ጀመር። ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ግን በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ስለ ነበረ፥ ብዙ ዘፋኝ ድምፁ ሳይታተም ቀርቶ ነበር። በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። እስከ 1975 ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች በእርሱ አማካይነት ወጡ። አንድ ሰው ያደረገው ይህ ድፍረት ባይኖር ኖሮ፥ የዚያ ዘመን ድምፅ ዛሬ በወሬ ብቻ ይነገረን ነበር።

ዋልያስ የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በተባለው የአዲስ አበባ የዳንስ ቤት ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ተሰባስበው ጓዱን አቋቋሙ፤ ስሙንም በስሜን ተራራ ብቻ ከሚገኘው ከአገራችን ዋልያ ወሰዱ። በዚያን ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያ የቤቱ ባለቤት ንብረት ስለ ነበረ፥ ሙዚቀኛው ከቤቱ ሲወጣ ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ከአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ጋር እንደ ነጻ ሠራተኛ ተዋዋሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በራሱ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚጫወትና መቼ እንደሚቀርጽ ራሱ ይወስናል። ኦርጋን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ፥ በዐሥር ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ አኮርዲዮንን በራሱ ትጋት ተምሮ፥ በልጅነቱም በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል አገልግሎ ነበር። ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፥ ጥሩምባ ዮሐንስ ጠቆላ፥ ቤዝ ጊታር መላኩ ገብሬ፥ ፒያኖም ግርማ በየነ ይጫወቱ ነበር።

ከአልበሞቹ የመጀመሪያው በ1975 በካሴት የወጣው ትዝታ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። በአገራችን ልማድ ዜማ የግጥም ተሸካሚ ነው፤ ሰው ዘፈኑን የሚያደንቀው በቅኔው ነው። በዚህ ካሴት ግን ዘፋኝ የለም። ዘፋኙ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ የኃይሉ ኦርጋን ገብቶ፥ ድምፁን እንደ ሰው ድምፅ እያስረዘመና እያንቀጠቀጠ የወሎን ቅኝት ይዘፍናል። ቃል ሲጠፋ ቅኝቱ ራሱ ተናጋሪ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ተገለጠ።

ዘመኑም ቃልን የሚያስፈራ ዘመን ሆኖ ነበር። ከ1974 አብዮት በኋላ የዘፈን ግጥም በመርማሪ ዓይን ሳያልፍ አይወጣም ነበር፤ ሌሊቱም በሰዓት እላፊ ተዘጋ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ወደ ዳንስ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ መውጣት ስለማይችል፥ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ዋልያሶች ሁለተኛውን ሥራቸውን፥ ቼ በለው የተባለውን ትልቅ ሸክላ፥ ያወጡት በዚህ ጊዜ በ1977 ነው። አሳታሚው ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው የካይፋ ሬከርድስ ባለቤት ነበር። በዚህ ሸክላ ላይ በለንደን፥ በቦስተንና በኒውዮርክ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግድነት ቫይብራፎን ተጫውቷል። ርእሱ ፈረሰኛ ፈረሱን ለማስፈንጠር የሚያሰማው ጥሪ ነው፤ ሎሚ ተራ ተራ ከሕዝብ ጨዋታ፥ እቲ ጓል ብሌናይ ከትግርኛ፥ ሙዚቃዊ ስልት ደግሞ ከግርማ በየነ አእምሮ የተገኙ ናቸው። እንዲህ ሆኖ አንድ ሸክላ የልዩ ልዩ አገር ዜማን በአንድ ጓድ እጅ አንድ ላይ አኖረ። ግጥም ስለሌለውም ማንም ሊመረምረው አልቻለም።

በ1978 ኃይሉ መርጊያ በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ ወደ ሐረር ጉዞ የተባለውን ካሴት ቀረጸ። ይህ የዋልያስ ሥራ ባይሆንም ከዋልያስ ታሪክ ተለይቶ አይታይም፤ በሁለት ሆቴሎች የሚፎካከሩ ሙዚቀኞች በአንድ ላይ መሥራት እንደሚችሉ ያሳያልና። በእነዚህ ዓመታት ሸክላ እየቀረ ካሴት በቦታው ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በማንኛውም ገበያ ይገኛል፤ ሁለት ማጫወቻ ያለው ሰው ሁሉ ሊያባዛው ይችላል። ዳሩ ግን ከተባዛው ላይ ደግሞ ሲባዛ ድምፁ እየደበዘዘ፥ ሽፋኑ ሲጠፋም የሙዚቀኞቹ ስም አብሮ እየጠፋ ይሄዳል። ካሴት ሙዚቃውን በየገጠሩ ያደረሰ ባለውለታ ሲሆን፥ ባለቤቱን ያስረሳም እርሱ ነው።

በ1981 ዋልያሶች ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ አድማጮቻቸውም በአብዛኛው ከአገር የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲፈጸም ኃይሉ መርጊያ፥ ግርማ በየነ፥ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ በዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጓዱ ያልተጣላ፥ ያልከሰረ፥ ነገር ግን በውቅያኖስ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በራሱ መሣሪያ ነጻነቱን የገዛ ጓድ፥ መሣሪያው ሳይሰበር አገሩ ተሰበረችበት።

ከዚህ በኋላ የምናገኘው ሥራ የአንድ ሰው ሥራ ነው። በ1985 ኃይሉ መርጊያ በዋሺንግተን ብቻውን ተቀምጦ፥ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና በማሽን ከሚመታ ከበሮ ጋር አጣምሮ፥ ሸሞንሟናዬ የሚል ዜማ ያለበትን ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ተጫዋቹ ግን ከጊዜ በኋላ መድረክን ትቶ በዋሺንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር። መንገደኛ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ጣቱን ያሟሽ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። በዚህ ሁኔታ ብዙ ዓመት ኖረ።

ታዲያ ይህ ሥራ በምን ተመልሶ ተገኘ? በባሕር ዳር ገበያ የተገኘ አንድ ካሴት ነው። የአፍሪካን ካሴቶች የሚሰበስብ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት በባሕር ዳር አገኘ፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ ተጽፎ ስለ ነበረ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘው፤ ከእርሱም ጋር ተስማምቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ቼ በለው በ2014፥ ወደ ሐረር ጉዞ በ2016 ተከተሉ። ኃይሉም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተመለሰ፤ በ2018 ላላ በሉን፥ በ2020 የኔ ምርጫን አዲስ አድርጎ አወጣ። በ2021 የመጀመሪያው ካሴት ትዝታ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ታተመ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ አዲስ አልበም ለማውጣት በቃ። ሙዚቃዊ ስልት ደግሞ አስቀድሞ በ1998 ዳክታሪስ በተባለ የኒውዮርክ ጓድ ተቀርጾ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የአልበሞች ተራ የምንማረው ምንድር ነው? አንደኛ፥ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ሰዓት እላፊ፥ ስለ ምርመራና ስለ ስደት ብዙ ገጽ ሊጽፍ ይችላል፤ እነዚህ አልበሞች ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ ዘመኑን ያስረዱናል። በ1977ቱ ሸክላ ላይ ብዙ ሰው በአንድነት ይጫወታል፤ በ1985ቱ ካሴት ላይ አንድ ሰው የጓደኞቹን ቦታ በማሽን ሞልቶ ይጫወታል። በሁለቱ መካከል ያለው ስምንት ዓመት የአገር ታሪክ ነው። ሁለተኛ፥ ሥራው የተረፈው ስለ ተወደደ ብቻ አይደለም፤ ተወደው የጠፉ ብዙዎች ናቸው። የተረፈው በሚነካ ነገር ላይ ስለ ተቀረጸና በላዩ ላይ ስም ስለ ተጻፈበት ነው። ሽፋን የሌለው ካሴት ቢሆን ኖሮ ያገኘው ሰው ዜማውን ሰምቶ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ያልፍ ነበር።

ይህን ካልን ወደ ወሎ እንመለሳለን። የዋልያስ ኦርጋን በሒልተን የዘፈነው ቅኝት በአምባሰልና በባቲ ስም የሚጠራ ነው፤ ያንን ቅኝት ለኦርጋኑ ያቈዩት ማሲንቆኞች፥ መንዙማ አዋቂዎችና በየሰርጉ የሚያዜሙ እናቶች ግን በአንድም ሽፋን ላይ ስማቸው አልተጻፈም። ተማሪው ተቀብሎ ዓለም ሲሰማው፥ መምህሩ ሳይሰማ አለፈ። ዛሬ ደግሞ የመቅረጫ መሣሪያ እጥረት አለብን ማለት አይቻልም፤ በግራና ገበያ የሚመላለስ ወጣት በኪሱ የያዘው ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። የጐደለው ልማዱ ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ የአገር ሽማግሌ ፈልገው ዜማውን እንዲቀርጹ፥ የተጫዋቹን ስም፥ ቀበሌውን፥ ቀኑንና ቅኝቱን ከድምፁ ጋር እንዲጽፉ ቢያዝዙ፥ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የባህል ሹማምንትም ቅጂውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቦታ ቢያኖሩት፥ የ2004ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የሚሰጠውንም መብት ለባለቤቱ ቢያስረዱት፥ ሥራቸውን በእውነት ሠሩ ይባላል።

የባሕር ዳሩ ካሴት የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ከአንድ ትውልድ ለሌላው የሚተላለፍ ሀብት ግን በአጋጣሚ ላይ ሊጣል አይገባውም። የግራናው ማሲንቆኛ ዛሬ ቢቀረጽና ስሙ ቢጻፍ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ በገበያ መካከል ሲፈልገው አይኖርም፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ውስጥ፥ በገዛ ስሙ ተቀምጦ ያገኘዋል።