አንዱ ልቤ ሂጂ፣ አንዱ ልቤ ቆዪ

እህቶቼ፣ ሲጨንቀን «አንዱ ልቤ ሂጂ ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ቆዪ ይለኛል» እንላለን። ሰው ስንት ልብ ቢኖረው ነው? ሁለቱንም ልቦች የምትሰማዋ «እኔ»ስ ማን ናት? ይሄ ጥያቄ የቆየ ታሪክ አለው። ከጎንደር ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ለወራት ተቀመጠ። መልካም አየሁ ወደሚባሉ የታወቁ ባለዛር እናት ቤት እየተመላለሰ ያየውን ይጽፍ ነበር። ዛር የያዛት ሴት የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች፤ እሱ ይጋልባታል ማለት ነው። በመልካም አየሁ ላይ የሚወርደው ዛር ግን አንድ ብቻ አልነበረም። አንዱ ሲመጣ በአንድ ጠባይ፣ ሌላው ሲመጣ በሌላ ጠባይ ይናገሩ ነበር። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሰው እንደየጉዳዩ ከሚቀያይረው ልብስ ጋር አመሳስሎታል።

ዛርን ሁልጊዜ አያባርሩትም። ቡና ተፈልቶ፣ ከበሮ ተመቶ ስሙንና የሚፈልገውን ይጠይቁታል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሴትየዋ በራሷ አፍ የማትደፍረውን ነው፤ አዲስ ልብስ፣ ሽቶ፣ ትንሽ ክብር።

ዛር እኛ ያለንበት አገርም ደርሷል። በ1885 መካ የነበረው ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንዬ የመካ ሴቶች ዛር እንደነበራቸው ጽፏል። በዚያ ዘመን ከሐበሻ ምድር በባርነት የተጋዙ ሴቶች በሂጃዝ ቤቶች ያገለግሉ ነበር። ዛርን ባሕር ያሻገሩት እነሱ ናቸው የሚሉ አጥኚዎች ብዙ ናቸው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ሪቻርድ ሽዋርትዝ የሚባል አሜሪካዊ የቤተሰብ አማካሪ ያለልክ በልተው የሚያስታውኩ ወጣቶችን ያክም ነበር። እነሱም በውስጣቸው ስለሚጣሉ ክፍሎች ነገሩት። እሱ ይህ እብደት አይደለም፣ የሁላችንም ውስጥ እንደ ቤተሰብ ነው አለ። ክፍሎቹንም በሦስት መደባቸው። አንዳንዶቹ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ «ተነሺ፣ ሥሪ፣ አታልቅሺ» ይላሉ። አንዳንዶቹ እሳት አጥፊዎች ናቸው፤ ሕመም ሲነሳ ቶሎ በምግብ፣ በመጠጥ ወይም በሌላ ነገር ያደነዝዙታል። ሦስተኞቹን ምን እንዳላቸው ታውቃላችሁ? ስደተኞች! የተጎዱና ያፈሩ ክፍሎች ናቸው፤ ሌሎቹ ጓዳ ውስጥ ቆልፈውባቸዋል።

ሽዋርትዝ ክፍሎቹ ትንሽ ገለል ሲሉ ሌላ ነገር ብቅ ሲል አየ፤ የተረጋጋ፣ የሚጠይቅ፣ የሚራራ። ሰዎቹ ይህኛው ክፍል ሳይሆን ራሳቸው እንደሆነ ነገሩት። የቤቱ ባለቤት እሷ ናት። ትጋረዳለች እንጂ አትጠፋም ይላል።

ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። በዛር እንግዳው ከውጭ ይመጣል፤ በሽዋርትዝ ሁሉም የቤት ልጅ ነው። በጎንደር ሴትየዋ ፈረስ ናት፤ በሽዋርትዝ ልጓሙን መያዝ ያለባት እሷ ናት። የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው። ሁለቱም የሚጮኸውን ከመምታት በፊት ምን እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ።

እኔ በምሠራበት በዑረይጃ ባለፈው ዓመት አንዲት የአገራችን ልጅ ሌሊት ሌሊት መጮኽ ጀመረች። ግማሹ «ጂን ነው»፣ ግማሹ «አብዳለች» አለ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ወር ሳይሞላ አገር ቤት ተላከች።

እኔም አስተዳዳሪ አለችኝ፤ ከማዳም በፊት የምትቀሰቅሰኝ። እሳት አጥፊም አለችኝ፤ ደክሞኝ እያለ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ የምታስጎረጉረኝ። ጓዳ ያለችው ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ፣ ደላላ ፓስፖርቷ ላይ ሌላ ስም ያጻፈላት ልጅ ናት። አሁን አሁን በድሮ ስሟ እየጠራሁ «ምን ፈርተሽ ነው?» እላታለሁ። ትመልስልኛለች። የምትጠይቀዋን ማዳም አላዘዘቻትም፤ ደላላም ስሟን አልቀየረውም።

ራስሽን ጉጂ የሚል ድምፅ ከመጣ ግን ብቻሽን አትያዢው፤ ለጓደኛ ንገሪ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከመካከላችን አንዷ ስትጮኽ ስንሰማ ደግሞ ስም ከማውጣታችን በፊት ምን እንደምትፈልግ እንጠይቃት።