የማያስመልሰው ቅጠል

ሂውስተን፣ ቴክሳስ፣ ከምኖርበት ሕንፃ በር ፊት ለፊት ወገብ የሚደርስ አጥር አለ። ቅጠሉ ትንንሽና ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። ክረምት ከበጋ አይረግፍም። ሠራተኞች በየጊዜው እየመጡ እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን አድርገው ይከረክሙታል። ሁለት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ ስሙን ጠይቄ አላውቅም። አጥር ነው፣ በቃ።

አንድ ቀን ቅጠሉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ፈለግኩት። መልሱ “ኢሌክስ ቮሚቶሪያ” የሚል ነበር። ሁለተኛው ቃል በላቲን ከማስመለስ ጋር የተያያዘ ነው። ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን ቅጠሉ ካፌይን አለው ይላል። እኔ የቡና አገር ልጅ፣ ካፌይን ያለው ተክል ደጄ ላይ ቆሞ፣ ቡና ልገዛ መኪና አስነስቼ እሄድ ነበር ማለት ነው።

የተክሉ ሌላ ስም ያውፖን ነው፤ ቃሉ የመጣው ከካታውባ ሕዝብ ቋንቋ ነው። ዘሩ ሆሊ የሚባለው፣ የፈረንጅ ገና ካርድ ላይ ቀይ ፍሬ ይዞ የሚሳለው ቁጥቋጦ ዘመድ ነው። የነአርጀንቲና ማቴም የሚፈላው ከዚሁ ዘር ቅጠል ነው። ያውፖን ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ ባለው የባሕር ዳርቻ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጨዋማ ነፋስ፣ ድርቅ፣ ጥላ፣ ሁሉንም ይችላል።

የአገሩ ሰዎች ቅጠሉን ቆልተው ያፈሉት ነበር። የሐረርን ቁጢ፣ ከተቆላ የቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ስፔናዊው ካቤሳ ዴ ቫካ እ.ኤ.አ. በ1542 በታተመው መጽሐፉ፣ በዛሬዋ ቴክሳስ ጠረፍ ሰዎች ቅጠል በማሰሮ ቆልተው፣ አፍልተው፣ እንደጋለ ሲጠጡ ማየቱን ጽፏል። ከዚያም በፊት፣ ዛሬ ሴንት ሉዊስ አጠገብ በምትገኘው ጥንታዊት ካሆኪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1050 እስከ 1250 ባለው ጊዜ የተሠሩ የሸክላ ኩባያዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባያዎቹ ውስጥ ከዚህ ዓይነት መጠጥ ጋር የሚስማማ ቅሪት አገኘን አሉ። ካሆኪያ ያውፖን ከሚበቅልበት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያን ሁሉ መንገድ ቅጠሉን የተሸከመ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። አውሮፓውያን ቀለሙን አይተው “ጥቁሩ መጠጥ” አሉት። የክሪክ ሕዝብ ግን “ነጩ መጠጥ” ነበር የሚሉት፤ ለእነሱ ነጭነቱ ቀለም ሳይሆን ንጽሕና ነው። ወንዶች ለምክር ሲቀመጡ ይጠጡታል። በአንዳንድ ሥርዓት ላይ ደግሞ ብዙ ጠጥተው ሆን ብለው ያስመልሱታል፣ ሰውነት ይነጻል ብለው። ቅጠሉ በራሱ የሚያስመልስ ነገር የለውም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1789 የእንግሊዝ ንጉሥ አትክልተኛ የነበረው ዊሊያም ኤይተን፣ የኪው የአትክልት ቦታ ተክሎችን በመዘገበበት መጽሐፉ “ቮሚቶሪያ” ብሎ ጻፈው። አለቀ።

የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ኮድ ውስጥ የተሳሳተ ስም ካየሁ በደቂቃ እቀይረዋለሁ። የእፅዋት ስም አጠራር ሕግ ግን ቀድሞ በደንቡ የታተመውን ስም ያጸናል፤ ትርጉሙ አይገልጸውም ተብሎ አይሰረዝም።

መጀመሪያ ላይ ታዲያ “ተክሉን የገደለው ስሙ ነው” ብዬ ደምድሜ ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ለጓደኛም ለማውራት ይመቻል። ግን አንድ ነገር አፈረሰብኝ፤ የራሳችን ቡና። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 “ኮፊያ አራቢካ” ሲለው፣ መነሻው የኢትዮጵያ ጫካ የሆነውን ተክል ለዐረብ አገር ሰጠው። ስሙ ስህተት ነው፣ ዛሬም አልተቀየረም። ታዲያ ምን ሆነ? ምንም። ከፋም ወለጋም ያለ ሰው ረከቦቱን ዘርግቶ ይጠጣል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ስም አፍ ላይ ያለውን አልነካውም፣ ጠጪው አገሩ ላይ ነበራ።

የያውፖን ጠጪዎች ግን ከአገራቸው ተነቀሉ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1830 ያወጣው ሕግ እነክሪክንና ቼሮኪን ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ ማዶ ለመስደድ መንገድ ከፈተ። ኦሲዮላ የተባለው የሴሚኖል ጦር መሪ አልሄድም ብሎ ተዋጋ። እ.ኤ.አ. በ1837 በእርቅ ባንዲራ ስር ተይዞ፣ በጥር 1838 እስር ላይ ሞተ። ስሙ የመጣው “አሲ ያሆላ” ከሚለው ነው፤ ጥቁሩ መጠጥ ሲቀርብ ድምፁን የሚያሰማው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያውፖን የችግር ጊዜ መጠጥ ሆነ። በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ወደቦች ሲዘጉ ደቡቦቹ በቡና ፋንታ ጠጡት፤ ቡናው ሲመለስ ተዉት። በሰሜን ካሮላይና ደሴቶች ያሉ ሰዎች ብቻ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቀጠሉበት። ለቀረው ሰው አጥር ሆነ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ ድንክ ዝርያ ወጣለት፣ ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ የሚያድግም አለ። ቀዩን ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ናት፤ ፍሬው ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም።

የሕንፃውን አጥር አልቀጠፍኩም፣ ምን እንደሚረጩበት አላውቅም። መርዛማ የሆነ ሌላ የአጥር ተክልም ይመስለዋል ይላሉ። ለምግብ የተዘጋጀ ደረቅ ቅጠል ገዝቼ ቆላሁና አፈላሁ። ሽታው ጭስ ጭስ ይላል፣ ምሬቱ ትንሽ ነው። አላስመለሰኝም። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

እማዬ በቪዲዮ እያየችኝ ሳቀች። “አንቺ ልጅ፣ ቅጠል አፍልተሽ ቡና ልትይኝ ነው?”

“ቡና አይደለም እማ። የዚህ አገር ሰዎች መጠጥ ነው፣ ድሮ።”

“የት ሄዱ?”

ይህን ሁሉ አንብቤ እንኳን ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። “አባረሯቸው” አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ ስሙን ጠየቀችኝ፤ ያውፖን ነው አልኳት።